የሚንቀጠቀጥ ስፌት

የስፌት ሠሪ ሴቶች ማኅበር ስለ ናፊያ ስድስት መስመር ጻፍልን ብሎኛል። ለዌብሳይታቸው ነው። «ይህን ገጽ የሠራችው ማን ናት?» የሚል ቦታ አለው፤ እዚያ የሚገባ። አማርኛህ ጥሩ ነው አሉኝ። ስድስት መስመር ልጽፍ ተቀምጬ ይኸው ይህን ሁሉ ጻፍኩ፤ ስለ ናፊያ ስድስት መስመር ጽፎ እጁን ማንሳት የሚችለው የማይቀናባት ሰው ነው። እኔ እቀናባታለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ ለገላነሽም አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ሳልነግራት ታውቃለች።

ሙሉ እባላለሁ፤ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ከሸዋ በር ወጣ ብሎ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ታፔላዬ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ዌብሳይት» ይላል። የመጨረሻዋን ቃል ያስጻፍኩ ጊዜ እሷን የሚል ሌላ ታፔላ በከተማው አላየሁም ነበር። መንገደኛው ቆሞ ያነባትና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይለኛል፤ እኔም ሥራዬን ትቼ አስረዳለሁ። ማስረዳቱ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻህን ስታውቅ ትንሽ ሰውነትህም ትልቅ ይመስልሃል።

ናፊያ ሱቄ የመጣችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤት ወረቀት ልታስተይብ ነበር። ጸሐፊዬ ስላልነበረች ነገ ነይ አልኳት። «እኔው ልጻፈው?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ተቀመጠች። ግራኝ ናት። ማውሱን ከቀኝ አንስታ ወደ ግራ አዞረችው፤ ጨርሳ ስትነሳ ደግሞ ወደ ቦታው መለሰችው። ይህችን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። የሰው ዕቃ ተጠቅሞ ወደ ቦታው የሚመልስ ደንበኛ በዓመት አንድ ቢመጣ ነው።

ያን ክረምት ሙሉ እየመጣች ተማረች። የመጀመሪያዋን ገጽ ያሠራኋት እኔ ነኝ። ቀለም እንዴት እንደሚለወጥ፣ ሥዕል የት እንደሚቀመጥ ያሳየኋት እኔ ነኝ። «የሌላ ሰው ገጽ ከወደድሽ ኮዱን ገልጠሽ እዪው፤ የገጹ መልክ የተጻፈበት ለሁሉ ክፍት ነው» ብዬ በመጀመሪያው ሳምንት የነገርኳትም እኔው ነኝ። እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የምለው ሌላ የምለው ስለሌለኝ ነው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ተመረቀች፣ ተመለሰች። ስትመለስ እኔ የማላውቀውን ብዙ ነገር ታውቅ ነበር፤ ሱቄ ስትገባ ግን ያው እንደ ድሮው ጫማዋን በር ላይ አውልቃ «ጋሽ ሙሉ፣ እንዴት አደርክ?» ትላለች። ብትኮራ ይሻለኝ ነበር። ኩሩ ሰው ላይ መቅናት አያሳፍርም።

ሥራዋን የምትሠራው ጀጎል ውስጥ እናቷ ቤት ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ታች በሚወርደው ቀጭን መንገድ፣ አረንጓዴ በር ያለው። ቀዩ መደብ ላይ እግሯን አጥፋ ትቀመጣለች፤ በአንድ ወገኗ ላፕቶፑ፣ በሌላው አክርማና ወስፌ። ኔትወርክ ሲጠፋ እኔ እሳደባለሁ፤ እሷ ወስፌዋን አንስታ ትሰፋለች። ባለፈው ዓመት በጠፋ ኔትወርክ ብቻ አንድ ትልቅ ሰፌድ ጨርሳለች። እኔ በዚያው ኔትወርክ ያተረፍኩት የደም ግፊት ነው።

እናቷ ሐጂያ ሐሊማ የማኅበሩ ሰብሳቢ ናቸው። ጉልበታቸው ታሟል፤ ከመደቡ ወርደው በር እስኪደርሱ ግድግዳውን ይዘው ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከናፊያ ሌላ ልጅ የላቸውም። ግን እጃቸው አልደከመም። የሰፈሩን ሴት ልጆች ሰብስበው አሁንም ስፌት ያስተምራሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት ማኅበሩ ዌብሳይት ይኑረን ሲል መጀመሪያ የመጣው ወደ እኔ ነበር። ይህን መቼም አይክዱኝም። ስፌቶቹን አንድ በአንድ ሱቄ አስመጥቼ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ፣ መብራት ተውሼ ፎቶ አነሳሁ። ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደርኳቸው። ሙዳዩ ከሙዳይ፣ ሰፌዱ ከሰፌድ ጋር። የሚያምር መሰለኝ። ላሳያቸው ቤታቸው ስሄድ ሐጂያ ሐሊማ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ይኼ የማን ነው ልጄ?» አሉ አንዱን በጣታቸው እየነኩ።

«የማኅበሩ ነው፣ ሐጂያ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። የማን እጅ ነው ማለቴ ነው።»

አላውቅም ነበር። የማንንም ስም አልጻፍኩም። ስም ይጻፋል ብዬም አላሰብኩም።

«ስፌት እኮ መሬት ላይ ተኝቶ አይታይም» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። «ስፌት የሚታየው ግድግዳ ላይ ነው፣ ጥንድ ጥንዱን ሆኖ። እስቲ ቀና በል።»

ቀና አልኩ። ከመደቡ በላይ ነጩ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ስፌት ለብሷል። ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ወርቅማው፣ እያንዳንዱ ከወንድሙ ጎን። ሳላስበው «ይሄ ሁሉ የእርስዎ ነው?» አልኩ። «ማሻ አላህ በል» አሉኝ ቶሎ ብለው። «ዓይን አለ።» እኔ ክርስቲያን ብሆንም አልኩላቸው። ያን ቀን እንኳ ዓይኔ ንጹሕ ነበር።

በዚያው ቀን ነው አንድ ሌላ ነገር የሰማሁት። ከሚማሩት ልጆች አንዷ ጎረቤቷን የምትሰፋውን ጥለት እንዴት እንደጀመረችው ጠየቀቻት፤ የተጠየቀችው ሰፌዷን በሻርፗ ሸፈነች። ሐጂያ ሐሊማ አዩና ፈገግ አሉ። «በዚህ ቤት ጥለት ተሰርቆ አይወሰድም፤ ይጠየቃል» አሉኝ። «ብታየውም፣ ብታውቀውም ትጠይቃታለህ። ዛሬ ከከለከለችህ ሌላ ቀን ትጠይቃለህ። ሦስቴ ጠይቀህ ሦስቴ ከከለከለችህ፣ ከዚያ በኋላ ዓይንህ ያየውን ይስፋ። ወንጀሉ የአንተ አይደለም።» የሴቶች ጨዋታ ነው ብዬ ሳቅኩና ወጣሁ። ለእኔ የተረፈኝ የመጨረሻ ቃል «እናስብበት» የሚል ነበር። እናስብበት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሐረር ያደገ ሰው ያውቀዋል።

አስበው አስበው ለናፊያ ሰጧት።

«ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል ያገሬ ሰው። ናፊያ ይህን ጸሎት ጸልያ ከሆነ ተሰምቶላታል፤ እኔን ሰጥቷታል። አንድ ዓመት ሙሉ ገጹ ምን እንደደረሰ ከሰው ከሰው እየሰማሁ ውስጤ አረረ። ገላነሽ ሹሮ እያቀረበች «የናፊያ ስም ሲነሳ ፊትህ ወጥ የፈሰሰበት ነጠላ ይመስላል» ትለኛለች። «አቦ ተይኝ» እላለሁ። ትተወኛለች፤ ግን እየሳቀች።

ባለፈው ጥር ስምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ገጹ ተሠርቶ ለማኅበሩ ሴቶች ሊታይ ሆነና እኔንም ጠሩኝ። የናፊያ አስተማሪ ነው ብለው። ሃያ ሦስቱም ሴቶች መጥተዋል። ላፕቶፑ ከቲቪው ጋር ተያይዟል። እኔ በር አጠገብ ተቀመጥኩ፤ የምሄድበትን ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር።

ገጹ ተከፈተ። ቲቪው ላይ ያለው ያው ከበላያችን ያለው ግድግዳ ነው። ነጭ፤ ስፌቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደተሰቀሉ። ናፊያ የማውሱን ቀስት አንዱ ላይ ስታሳርፍ ስፌቱ ሰው ከግድግዳ ሊያወርደው የያዘው ይመስል ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል፤ ከሥሩ የሠሪዋ ስም ይወጣል። ስሙም ዝም ብሎ ብቅ አይልም። ወስፌ የሚሰፋው ይመስል ከፊደል ወደ ፊደል፣ ክር በክር እየተሳበ ይጻፋል። እንዲህ ያለ ነገር እኔ ሠርቼ አላውቅም። እንዴት እንደሚሠራም አላውቅም። ሴቶቹ የየራሳቸው ስም ሲጻፍ እያዩ አንዳንዶቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቀሩ።

ከዚያ ማውሱን ዋፊቃ የምትባለው የማኅበሩ ጸሐፊ ልሞክር ብላ ተቀበለች። ቀስቱን የራሷ ስፌት መሀል ላይ አላደረገችውም፤ የታችኛው ጠርዝ ላይ አሳረፈችው። ስፌቱ ተነሳ። ወረደ። ተነሳ። ወረደ። ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ። ስሙም ገና «ዋ» ሲል ይጠፋል፣ «ዋ» ሲል ይጠፋል። ሌላኛው ላይ ሞከረች፤ ያው ነው።

«የኔ ስፌት አይንቀጠቀጥም» አለች ዋፊቃ፤ ተከፍታለች። «የሚንቀጠቀጠው የላላ ስፌት ነው። ገዢ ይህን አይቶ ምን ይላል?»

ደስ አለኝ። መደበቅ አልፈልግም። ከገባሁ ጀምሮ ሰበብ ሳዘጋጅ የነበርኩ ሰውዬ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

ሴቶቹ ተነጋገሩና ለሁለት ሳምንት አቆዩት። ጥር ሃያ ሁለት፣ ሐሙስ፣ ገጹ ተስተካክሎ ከታየ ይቀበሉታል፤ ናፊያም የማኅበሩ ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች። ካልተስተካከለ ነገሩ ይቀራል። ለናፊያ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። አዲስ አበባ ያለው አጎቷ መርካቶ ሱቁ ውስጥ እንድትሠራለት ከጠራት ከርሟል፤ እናቷን ትታ መሄድ ስላልፈለገች «የማኅበሩ ሥራ ከሆነልኝ እቀራለሁ፤ ካልሆነልኝ እመጣለሁ» ብላ ቃል ሰጥታዋለች። ሐጂያ ሐሊማ ይህ ቃል በተነሳ ቁጥር ጉልበታቸውን ሲያሹ አይቻለሁ። እንግዲህ ስፌቱ መንቀጥቀጡን ካልተወ ናፊያ ከሐረር ልትሄድ ነው። እሷ ከሄደች ደግሞ ታፔላዬ ላይ ያለችው አራተኛዋ ቃል እንደገና የእኔ ብቻ ልትሆን ነው። ይህን ያሰብኩት ገና ከቤታቸው ሳልወጣ፣ ጫማዬን ሳጠልቅ ነው።

አሁን የስፌቱን በሽታ ልናገር፤ ቀላል ነው። ማውስ ሲያርፍበት ዕቃው የሚያደርገውን ነገር እኛ የሥራው ሰዎች «ሆቨር» እንለዋለን። ቀስቱ ጠርዙ ላይ ሲያርፍ ስፌቱ ይነሳል። ሲነሳ ጠርዙ ከቀስቱ ያመልጣል። ስፌቱም ቀስቱ የሄደ መስሎት ይወርዳል። ሲወርድ እዚያው ቆሞ ያገኘዋል፤ እንደገና ይነሳል። እንዲህ ሲል ይውላል። መድኃኒቱም አንድ ነው። ስፌቱን በማይታይ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፤ ቀስቱን የሚጠብቀው ሳጥኑ ይሆናል፤ የሚነሳው ስፌቱ ብቻ። ሳጥኑ ንቅንቅ ስለማይል ቀስቱ አያመልጠውም። ሁለት መስመር ሥራ ነው።

ይህን ከየት አወቅኩት? ከስድስት ዓመት በፊት ለአንድ ሆቴል ገጽ ስሠራ የክፍሎቹ ፎቶ እንዲሁ ተንቀጠቀጠብኝ። አራት ቀን አሳብዶኛል። በአራተኛው ቀን ሳጥኑን ሳገኝ ብቻዬን ሱቅ ውስጥ አጨበጨብኩ፤ ከኮዱም በላይ ለራሴ ማስታወሻ በአማርኛ ጻፍኩ፦ «ቤቱ ይቁም፣ እንግዳው ይነሳ።» ገጹን ለሆቴሉ አስረከብኩ፤ ማስታወሻዋን ግን ረሳኋት።

ጥር አሥር፣ ቅዳሜ፣ ከተራ ነው። ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ታቦት ልሸኝ፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ስቆልፍ ናፊያ መጣች። ላፕቶፑን አቅፋዋለች። «ጋሽ ሙሉ፣ እቸኩላለህ መሰለኝ። አንዲት ጥያቄ ብቻ። መንቀጥቀጡን እንዴት ነው የማቆመው?»

«ኔትወርክ ነው» አልኳት።

ሐረር ውስጥ ኔትወርክ ነው ተብሎ የማይታመን ነገር የለም። ባንክ ሲዘጋ ኔትወርክ ነው፤ ደመወዝ ሲዘገይ ኔትወርክ ነው፤ ሙሽራ ሲቀርም ኔትወርክ ነው ሳይባል አልቀረም። ግን ስፌቱ በኔትወርክ አይነሳም፣ በኔትወርክ አይወርድም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ኋላ እንደገባኝ እሷም ታውቃለች። «እሺ» ብላ «እንኳን አደረሰህ» አለችኝ። ከታቦቱ ኋላ ስሄድ እልል ሲባል አፌ እልል አላለም። ገላነሽ ምን ሆንክ አለችኝ። ጫማዬ ነው አልኳት።

ጥር አሥራ አራት፣ ረቡዕ፣ እንደገና መጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። «ኔትወርኩ ጥሩ ሆኖም ይንቀጠቀጣል፣ ጋሽ ሙሉ። ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆን?»

«ላፕቶፕሽ አርጅቷል» አልኩ። «አቅም ያንሰዋል።»

«በእናቴ ስልክ ሳየው ግን አይንቀጠቀጥም…»

«ስልክማ ማውስ የለውም» ብዬ ወደ ፎቶ ኮፒዬ ዞርኩ። ይህ እንኳ እውነት ነው። ውሸት መሀል እውነት ጣል ማድረግ ጥሩ ውሸታም ያደርጋል፤ እኔ በአራት ቀን ውስጥ ጥሩ ውሸታም ሆንኩ። ያን ቀን ምሳ ላይ ለገላነሽ የናፊያ ነገር እንዳልሆነላት ነገርኳት። ሐዘን ያለበት ድምፅ ሳወጣ እጇን ከትሪው ላይ አነሳች።

«ትሂድ ነው የምትለው?» አለችኝ።

«እኔ ምን አገባኝ?»

«መፍትሔውን አታውቀውም?»

እንጀራ ቆረስኩ። ገላነሽም ያን ቀን አልሳቀችም።

ሦስተኛ የመጣችው ጥር ሃያ አንድ ነው፤ ረቡዕ፣ ነገ ሐሙስ የሚሆንበት። ደንበኛ በዝቶብኝ ነበር። ናፊያ ሁሉም እስኪሄድ ጥግ ላይ ቆማ ጠበቀች። ላፕቶፕ አልያዘችም። ያኔ ለምን እንዳልያዘች አልጠየቅኩም።

«ጋሽ ሙሉ» አለች። ዓይኔን እያየች ነው። «ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ። ስፌቱ እንዳይንቀጠቀጥ ምን ላድርግ?»

አንዲት ደቂቃ ያህል ልነግራት ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። ከዚያ ስሞቹ ክር በክር የተጻፉት፣ የሴቶቹ አፍ በእጅ የተያዘው፣ «እናስብበት» የተባልኩት፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣብኝ። «ብራውዘሩ ነው» አልኳት። «ሠሪዎቹ ራሳቸው አንድ ቀን ያስተካክሉታል። እኔም አላውቀውም።»

«አታውቀውም?»

«አላውቀውም።»

«እንግዲህ እሺ» አለች። ያዘነች አልመሰለችኝም። የሆነ ሥራ ጨርሳ እጇን የታጠበች ሰው ነው የመሰለችው። ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ነገ አልሄድም ብዬ ነበር፤ ግን ሲወድቅ ማየት ፈለግኩ። ቅናት እንዲህ ነው፤ ከቤትህ አውጥቶ ይወስድሃል።

ሐሙስ ያው በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ናፊያ ገጹን ከፈተችና ማውሱን ለራሷ አልያዘችም፤ በቀጥታ ለዋፊቃ ሰጠቻት። «የታችኛውን ጠርዝ» አለቻት። ዋፊቃ ጠርዙ ላይ አሳረፈች። ስፌቱ ተነሳ። ቆመ። ዋፊቃ ቀስቱን እዚያው ይዛ ጠበቀች፤ ስፌቱም ጠበቀ። «ዋ»፣ ከዚያ «ፊ»፣ ከዚያ «ቃ»። ሃያ ሦስቱንም ሞከሩ። አንድም አልተንቀጠቀጠም።

ማን ነገራት? አዲስ አበባ ያለ ሰው ይሆናል አልኩ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ይሆናል። ሐጂያ ሐሊማም እንደኔው አስበው ኖሮ «ማን ረዳሽ?» ብለው ጠየቋት።

«ከጋሽ ሙሉ ነው ያገኘሁት» አለች ናፊያ።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። «አላህ ይስጥህ»፣ «አላህ ዕድሜህን ያርዝመው»፣ «አስተማሪ እንዲህ ነው» ይሉኝ ጀመር። ሐጂያ ሐሊማ ከመደቡ ሊወርዱ ተነሱ፤ እኔ ሮጬ ደረስኩላቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄን አስቀረህልኝ» አሉኝ። የማየው ቦታ አጣሁ። የድሮውን ማስተማሬን ለማክበር ብላ ነው አልኩ ለራሴ፤ ትሕትና ነው። ናፊያን አየኋት። ወስፌዋን አንስታ ትሰፋ ነበር።

ሱቄ ተመለስኩና ገጹን ከፈትኩ። የሰው ገጽ ከወደድሽ ኮዱን ገልጠሽ እዪ ብዬ ያስተማርኩት ሰውዬ፣ የተማሪዬን ኮድ ገለጥኩ። የማን ሥራ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ጽዱ ኮድ ነው፤ እንደ እሷ። የስፌቶቹን ቦታ እስካገኝ ወረድኩ። ሳጥኑ አለ። ከሳጥኑ በላይ በአማርኛ እንዲህ ተጽፏል፦

«ቤቱ ይቁም፣ እንግዳው ይነሳ። ከጋሽ ሙሉ የሆቴል ገጽ፤ ጥር 10 ማታ አየሁት። ጥር 10 ጠየቅኩ። ጥር 14 ጠየቅኩ። ጥር 21 ጠየቅኩ።»

ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ ተነስቼ የሱቁን በር ዘጋሁ፤ ገና አሥራ አንድ ሰዓት አልሆነም ነበር።

ያን የከተራ ቀን፣ እኔ ከታቦት ኋላ ስጎተት፣ እሷ ቤቷ ገብታ የእኔን የድሮ ገጽ ገልጣ መድኃኒቱን አግኝታዋለች። ኔትወርክ እንዳልሆነ ያን ዕለት አውቃለች። እኔ እንደማውቀውም ታውቃለች፤ በእጄ የጻፍኩት ፊቷ ነው። ሁለት መስመር ቀድታ መተኛት ትችል ነበር። አልቀዳችም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስፌቱ እየተንቀጠቀጠ፣ አጎቷ እየደወለ፣ እናቷ ጉልበታቸውን እያሹ፣ እሷ በእጇ ያለውን ነገር ልትጠይቀኝ ትመጣ ነበር። በእናቷ ቤት ጥለት ይጠየቃል እንጂ አይወሰድም። ሦስቴ ዕድል ሰጠችኝ፤ እኔ ሦስቴ ከለከልኩ። ከዚያ በኋላ ዓይኗ ያየውን ሰፋ። ለማንም አልተናገረችም። በሃያ ሦስት ሴት ፊት ስሜን በመልካም አነሳችው እንጂ። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ የእኔ ግን ያን ቀን ሸክሙ ገና ጀመረ።

አንድ ሳምንት በፈረስ መጋላ በኩል አላለፍኩም። ከዚያ ስድስት መስመር ጻፍልን የሚል መልእክት መጣ። ሌላ ሰው ፈልጉ ልል ነበር። ለገላነሽ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከተራውንም፣ ላፕቶፑንም፣ ብራውዘሩንም። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና «ሄደህ አናግራት» አለች። «ምን ብዬ?» አልኳት። «እሱን እኔ አላውቅም» አለችኝ፤ «ሦስት መልስ ሰጥተህ አንድ ጥያቄ ይጠፋሃል?»

ቅዳሜ ሄድኩ። አረንጓዴው በር ክፍት ነው። ሐጂያ ሐሊማ ከልጆቹ ጋር ናቸው፤ ናፊያ መደቡ ላይ። ጫማዬን አወለቅኩ። ይቅርታ ልላት ነበር ያሰብኩት፤ አፌ ሌላ ነገር አወጣ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ውስጤን ሲበላኝ የኖረውን።

«ናፊያ» አልኩ፤ «ስሞቹ እንዴት ነው ክር በክር የሚጻፉት? እኔ አላውቀውም።»

ቀና ብላ አየችኝ። አንዴ ነው የጠየቅኳት። አንዴ ብቻ። ወስፌዋን አክርማው ላይ ሰካችና ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረች። ማውሱንም ከግራዋ አንስታ በእኔ በኩል፣ በቀኝ አስቀመጠችልኝ።

«ና፣ ቁጭ በል» አለችኝ። «ፊደሉን መጀመሪያ በመስመር ነው የምትስለው።» እስከ መጨረሻው አሳየችኝ፤ ያልገባኝን ደግማ።

ስድስቱን መስመር ገና አልጻፍኳቸውም። አሁንም እቀናባታለሁ። ድሮ የምቀናው በእጇ ሙያ ነበር።